ሁለት ሦስት ሞተር በአንድ ሚኒባስ ጭኖ ደብረ ታቦር ለመግባት ማወቅ ያለባችሁ

ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ ሞተር ገዝቶ ወደ ደብረ ታቦር፣ ጋይንት፣ እስቴ ወይም ስማዳ የሚወስድ ወጣት ብዙ ነው። ሁለት ሦስት ሆኖ አንድ መኪና መከራየት ደግሞ ለሁሉም ያዋጣል። ችግሩ አጫጫኑ ላይ ነው። ወንበሩ የወጣለት አባዱላ ውስጥ ሞተሮቹ እርስ በርስ ተደጋግፈው ይቆማሉ፣ ከዚያ አንድ ልጅ «አንተ ያዝ» ተብሎ መሐላቸው ይገባል። ዛሬ የምንላችሁ አንድ ነገር ነው፦ ሞተር የሚይዘው ማሰሪያ እንጂ ሰው መሆን የለበትም።

ሰው ለምን አይችለውም?

እንደ ቦክሰር ያለ 150 ሲሲ ሞተር 120 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አውሮፓ ውስጥ የሚሠራበት የዕቃ አስተሳሰር ደረጃ፣ ማሰሪያ ወደ ፊት የዕቃውን ክብደት 80 በመቶ፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ 50 በመቶ የሚያህል ግፊት መቋቋም አለበት ይላል። በዚህ ስሌት ሾፌሩ ድንገት ፍሬን ሲይዝ አንዱ ሞተር ብቻ በ96 ኪሎ ያህል ግፊት ወደ ፊት ይሄዳል። ሦስት ሲሆኑ 288 ኪሎ! ይህን በእጁ የሚያቆም ጎረምሳ የለም። መሐል የተቀመጠው ልጅ ነው የሚጨፈለቀው።

የኛ መንገድ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ወረታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ላይ። በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ 900 ሜትር እንወጣለን ማለት ነው። ዳገቱ ላይ ጭነቱ ወደ ኋላ በር ይገፋል፣ ቁልቁለትና ፍሬን ላይ ወደ ሾፌሩ። ስለዚህ በአንድ ወገን ብቻ የታሰረ ሞተር እንዳልታሰረ ቁጠሩት።

1. ከመጫናችሁ በፊት

ቤንዚኑን አትሙሉ። ከመኪናው ወርዶ ቤት የሚያደርስ ትንሽ ይበቃል። የቤንዚን መዝጊያውንም ዝጉ። ከወረታ ደብረ ታቦር ስንወጣ የአየር ግፊት 10 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፣ ያኔ ታንኩ ውስጥ ያለው ትነት በክዳኑ መተንፈሻ ይወጣል። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል። ለማቀጣጠል አንድ ላይተር ይበቃዋል፣ ሳይቀጣጠልም የሾፌሩን ራስ ያዞራል። መስኮት ይከፈት፣ ሲጋራ ፈጽሞ አይለኮስ።

የእያንዳንዱን ሞተር ሊብሬ ወይም የግዢ ደረሰኝ በእጃችሁ ያዙ፣ የሻንሲ ቁጥሩንም በስልክ ፎቶ አንሱ። በዚያ ሰሞን በመንገዱ ላይ የሞተር እንቅስቃሴ ክልከላ መኖር አለመኖሩን ቀድማችሁ ጠይቁ።

2. አወጣጥ

መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ጎማው ሥር ታኮ ይግባ። ከተቻለ ኋላውን ወደ ከፍታ ዳር አስጠጉት፣ መወጣጫው ያን ያህል አይቆምም። ጣውላው ወፍራምና ረጅም ይሁን፣ ጫፉም ከመኪናው ጋር ይታሰር። ብዙ አደጋ የሚመጣው ጣውላው ሲንሸራተት ነው። ሞተሩ ጠፍቶ በሦስት ሰው ይገፋ፦ አንዱ መሪና ፍሬን ይዞ፣ ሁለቱ ከኋላ። አስነስቶ እየነዱ መግባት ጀግንነት አይደለም።

3. አስተሳሰር

ከባዱ ሞተር መጀመሪያ ይግባ። ሁለተኛው ፊቱን አዙሮ ይቁም፣ መሪዎቹ እንዳይጋጩ። ሦስተኛው ካልተመቸ አታስገድዱት። መሐላቸው ስፖንጅ ወይም የተጠቀለለ ጆንያ ይግባ።

ሞተሩ በሁለት ጎማው ቀጥ ብሎ ይቁም። በጎን መቆሚያው ላይ ከተደገፈ በየጉድጓዱ ይወዛወዛል፣ ማሰሪያውም ይላላል። ማስተኛት ደግሞ ጭራሽ አይሞከር፦ ቤንዚን ይፈሳል፣ የባትሪ አሲድም ሊፈስ ይችላል።

ለአንድ ሞተር አራት ማሰሪያ ያስፈልጋል፦ ሁለት ወደ ፊት፣ ሁለት ወደ ኋላ፣ ሁሉም ወደ ታች እየሳቡ። የፊቱን ሞላ እስከ ግማሽ እስኪወርድ ወጥሩት፣ ጨርሶ ግን አትድፈቁት። መወጠሪያ ያለው የዕቃ ማሰሪያ ቀበቶ ከሁሉም ይሻላል። ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ላስቲክ ስለሚሳብ ለድጋፍ እንጂ ለዋና ማሰሪያ አይሆንም። ናይለን ገመድም ቋጠሮው ይላላል።

የት ይታሰር? መስኮት ወይም የበር እጀታ ላይ አይደለም። ወንበሩ በተነሣበት የወለል ቀዳዳ ቀለበት ያለው ቡሎን አስገጥሙ። ጎማዎቹን በታኮ ያዙ፣ ማርሹንም አንደኛ ላይ አስገቡ።

4. መንገድ ላይ

ከተነሣችሁ 10 ኪሎ ሜትር ሳትርቁ ቆማችሁ ማሰሪያውን እንደገና ወጥሩ። ወረታ ላይ፣ ዳገቱ ሳይጀመር፣ ድገሙት። ወደ ጋይንት የምትቀጥሉ ደግሞ ደብረ ታቦር ላይ ሌላ ጊዜ እዩት፣ በጉና ሥር የሚያልፈው መንገድ በክረምት ጭጋግ አለበት። ቁልቁለት ላይ ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ይውረድ። ፍሬን ብቻ ከተረገጠ ይግላል፣ ሲግል ደግሞ አይዝም።

ባለቤቶቹ የት ይቀመጡ? ጋቢና፣ ቀበቶ አስረው። ቦታ ከሌለ በሌላ መኪና ይምጡ። የአንድ ሰው ትራንስፖርት ከአንድ እግር ይረክሳል።

5. አወራረድ

ሁሉንም ማሰሪያ አንድ ላይ አትፍቱ። አንዱን ሞተር ፈትታችሁ አውርዱ፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ። ከመነዳቱ በፊት ቤንዚን የፈሰሰበት ቦታ እንደሌለ እዩ፣ ፍሬኑንም ሞክሩ።

በአይሱዙ የምትጭኑም ያው ነው፦ ማሰሪያው አራት፣ ካሶኒው ላይ የሚቀመጥ ሰው ዜሮ። ሞተር ሊያመጣ የተዘጋጀ ጓደኛ ካላችሁ አሁኑኑ ላኩለት። መልካም መንገድ!