ቮልስና ዲኤክስ ለምን አልጠፉም?

አዲስ አበባ ውስጥ ቮልስና ዲኤክስ ኮሮላ ዛሬም ገዢ አያጡም። ብዙዎች ምክንያቱ ድህነት ወይም ትዝታ ነው ይላሉ፤ እኔ ግን ስሌት ነው እላለሁ። ቮልስ ሞተሩ ከኋላ ነው፣ የሚቀዘቅዘውም በአየር ስለሆነ የሚያፈስ ራዲያተር የለውም። የዲኤክስ ካርቡራቶር ደግሞ ተፈትቶ በቤንዚን ይታጠብና ይገጠማል፤ ኮምፒውተር አይጠይቅም። ሶማሌ ተራ መለዋወጫው አይጠፋም። ሕጉም ገፋፍቷል። ከ2012 ዓ.ም. በፊት የኤክሳይስ ታክሱ እስከ 1300 ሲሲ 30፣ እስከ 1800 ሲሲ 60፣ ከዚያ በላይ 100 በመቶ ነበር፤ ባለ ትንሽ ሞተሩ ቶዮታ ቪትዝ ከተማውን የሞላውም በዚሁ ነው። አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገሉ መኪኖች ላይ ቀረጡን ሲያከብደው፣ ቀድሞ የገባው አሮጌ መኪና ይበልጥ ተወደደ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ሲታገድ ደግሞ ምትኩ ራቀ።

ሪያድ፣ ጉበይራ ሰፈር ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ነገሩ ሌላ ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ ከ5 ዓመት በላይ የሆነው የቤት መኪና ከውጭ እንዲገባ አትፈቅድም፤ የቶዮታ ወኪልም ከ1955 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። እዚያ አዲሱን መኪና መምረጥ ያዋጣል። የሰው ጠባይ አንድ ነው፤ የሚለየው ቀረጡና ገበያው ነው።

አሮጌ መኪና ያጨሳል፣ ኤርባግ የለውም የሚለው ተቃውሞ እውነት ነው፤ በአደጋ ጊዜ ልዩነቱ የሕይወትና የሞት ነው። ግን አሮጌውን በቀረጥ ማስወደድ ከመንገድ አላወጣውም፤ ዕድሜውን አራዘመለት እንጂ። ፍሬኑንና ጭሱን በዓመታዊ ምርመራ በጥብቅ መፈተሽ ከቀረጥ የተሻለ ጉዳቱን ይከላከላል።