አያታችን ሲወሳ አጎታችን ለምን ዝም ይባላል?

ወዳጆቼ፣ የዛሬው ጽሑፌ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡልኝ። ሚያዝያ 27 በመጣ ቁጥር ስለ አርበኞች እንጽፋለን፣ እንፎክራለን፣ ፎቶ እንለጥፋለን። ደግ ነው። እኔ ዛሬ የማነሳው ግን ከዚያው ከአርበኛው ቤት ወጥተው የሞቱ፣ በዓል ላይ ግን ማንም የማያነሳቸውን ሰዎች ነው።

ከአያቶቻችን ልጀምር። ከቡሬ በማንኩሳ አድርጎ ወደ ፍኖተ ሰላም የሚመጣውን መንገድ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ1933 ዓ.ም. ይሄ መንገድ የጦር መንገድ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን በኦሜድላ በኩል ድንበር ተሻገሩ። በሻለቃ ዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦር በቁጥር ትንሽ ነበር፤ የሱዳን ወታደሮችና ከስደት የተመለሱ ኢትዮጵያውያን ነበሩበት። ጓዙን 15 ሺህ ያህል ግመሎች ተሸክመው ተነሡ፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም በመንገድ አለቁ። ጣሊያን ቡሬና ማንኩሳ ላይ ምሽግ ነበረው። በየካቲት መጨረሻ የቡሬው ጦር ምሽጉን ለቆ ወደ ደምበጫ ሲሸሽ፣ ደምበጫ አጠገብ የቆመው የኢትዮጵያውያን ሻለቃ ከሱ ጋር ፊት ለፊት ገጠመ፤ ብዙ ሰውም ወደቀበት። ንጉሠ ነገሥቱ ቡሬ ላይ ሰፍረው ቆዩ፤ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገቡ።

ይሄ ሁሉ ሊሆን የቻለው ግን እነ መንገሻ ጀምበሬ፣ እነ ነጋሽ በዛብህ፣ እነ ኃይሉ በለው፣ እነ በላይ ዘለቀ ቀድመው ለዓመታት ጠላትን ከምሽጉ እንዳይወጣ ስላደረጉት ነው። ከነሱ ጋር የዘመተው ደግሞ ደመወዝ የሌለው፣ ስንቁን ከቤቱ የቋጠረ ገበሬ ነው።

አሁን ወደ ክፍል ልውሰዳችሁ። አንድ ጊዜ ተማሪዎቼን «ከቤተሰባችሁ በጦርነት የሞተ ሰው ጠይቃችሁ ጽፋችሁ ኑ» አልኳቸው። ስለ አርበኛው ቅድመ አያት የጻፉት ወረቀቱን ሞልተው መጡ፤ የፈረስ ስሙ፣ የጠመንጃው ዓይነት፣ የወደቀበት ወንዝ፣ ምን ብሎ እንደፎከረ ሳይቀር። ስለ አጎት የጻፉት ግን አብዛኞቹ አንድ መስመር ነበር። «ሰሜን ቀረ።» በቃ። የት? መቼ? ከየትኛው ክፍለ ጦር ጋር? የለም።

የአርበኛውና የአጎቱ ልዩነት የጀግንነት አይደለም። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ሲወጣ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለው ወጣት ሁሉ ተጠሪ ሆነ። ለገበሬ ማኅበሩ ኮታ ይመጣል፤ ኮታው ካልሞላ አፈሳ አለ። ከየመንደራችን የሄዱት ልጆች አፋቤት ላይ በ1980፣ ሽሬ ላይ በ1981፣ ምጽዋ ላይ በ1982 በተደረጉት ውጊያዎች ነበሩ። ከዚያ በ1983 መንግሥት ወደቀ፣ ሠራዊቱ ተበተነ። የተረፈው በእግሩ እየለመነ አገሩ ገባ። ላልተመለሰው ደግሞ ብዙ ቤት መርዶ የሚያረዳ አልመጣም። እናት ዓመት ጠበቀች፣ ሁለት ዓመት ጠበቀች፣ ከዚያ በራሷ ጊዜ ልብሱን አውጥታ አለቀሰች።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ መንግሥት ሐውልት የሚሠራው ለራሱ ሙታን ነው። ደርግ በ1977 አዲስ አበባ ላይ ትግላችን ሐውልትን አቆመ፤ እዚያ በሶማሌው ጦርነት የወደቁት ኩባውያን ፊት በምስል ተደርድሯል። ኢሕአዴግ በበኩሉ ደርግን ሲዋጉ ለወደቁት ባሕር ዳር ላይ፣ ዓባይ ዳር፣ የሰማዕታት ሐውልት ሠራ። ሚያዝያ 27 ራሱ እንኳ አላረፈም፤ ደርግ የድሉን በዓል ወደ መጋቢት 28 አዛውሮት ነበር።

በላይ ዘለቀን እዩት። አምስቱን ዓመት ተዋግቶ አገር ነፃ ከወጣ በኋላ፣ በ1937 ዓ.ም. የገዛ መንግሥቱ ሰቀለው። ዛሬ ባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ስትወርዱ የምታነቡት ስም የሱ ነው። በነዚህ ሁሉ ዓመታት የተለዋወጠው ፈራጁ ነው እንጂ አባ ኮስትር ያው ነው። የሙታን ክብር በመንግሥት እጅ ከተተወ፣ መንግሥት በተቀየረ ቁጥር ሙታኑም ይሾማሉ፣ ይሻራሉ።

«የደርግ ወታደር እኮ የተዋጋው ከወንድሙ ጋር ነው፣ ከአርበኛ ጋር እንዴት ታወዳድረዋለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ጦርነቱ ትክክል ነበር ወይ ብለን መከራከር አለብን፤ የታሪክ መምህር ነኝና ክርክሩን አልሸሽም። ግን የ18 ዓመቱ ልጅ ጦርነቱን አላወጀም። ደግሞ አንዱ ልጅ ለደርግ፣ ሌላው ለኢሕዴን የሞተበት ቤት አለ። ለእናትየው ሁለቱም ልጆቿ ናቸው። በ1990 ባድመ ሄዶ ያልተመለሰውም እንደዚያው። ማልቀስ ማለት እኮ ጦርነቱን ማጽደቅ አይደለም። እንዲያውም የሞተውን በስሙ የቆጠረ ሰው ነው ሌላ ጦርነት ሲመጣ «ቆይ፣ ስንት ሰው?» ብሎ የሚጠይቀው። መርዶ ባልተቋረጠበት በዚህ ዘመን ይሄ ጥያቄ ቀላል አይደለም።

አዲስ አበባ ያለውን የኮመንዌልዝ የጦር መቃብር ያየ ሰው ምን እንደምል ይገባዋል። ስሙ የታወቀ ሟች ሁሉ የራሱ ድንጋይ አለው፤ ስም፣ ማዕረግ፣ የሞተበት ቀን። ጄኔራሉም ተራው ወታደርም አንድ ዓይነት ድንጋይ ነው ያላቸው። እኛ ድንጋዩ ባይኖረን እንኳ ልማዱ አለን። ቄሱ ሲፈታ የሚጠራው የክርስትና ስም ነው፤ ማዕረግም፣ ድርጅትም፣ መንግሥትም አይጠራም። ተዝካር የሚበላው ለሁሉም ነው። ቤተ ሰብ ለመንግሥት ሳይጠይቅ የሚያደርገው ማክበር ይሄ ነው፤ የጎደለው መጻፉ ብቻ ነው።

ስለዚህ ተማሪዎቼ የነበራችሁ፣ አሁን ባሕር ዳርም ሁኑ አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር፣ አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። እርማት የለውም፣ ማርክ የለውም። ለበዓል አገር ቤት ስትገቡ ወይ ስትደውሉ፣ አያታችሁን፣ አክስታችሁን ጠይቁ። የሟቹን ሙሉ ስም ከነአባቱ፣ የክርስትና ስሙን፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደሄደ፣ የመጨረሻው ደብዳቤ ከየት እንደመጣ ጻፉ። ደብዳቤው ወይ ፎቶው ካለ ገልብጡት። ለየትኛውም ወገን ይሁን፣ በየትኛውም ጦርነት። አውቀው የሚነግሯችሁ ሰዎች ሰባና ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ለከርሞ እንጠይቃለን የምንላቸው አይደሉም።

ከተማችን ፍኖተ ሰላም ትባላለች፤ የሰላም መንገድ። በዚህ መንገድ ሄደው ያልተመለሱትን ቢያንስ በስማቸው እንወቃቸው።

የሁሉንም ነፍስ ይማር።