ወረራ (ሰንጠረዥ)

ወረራ በኢትዮጵያ ባህላዊ ሰንጠረዥ የጨዋታው የመጀመሪያ ምዕራፍ ነው። አንድም ጠጠር ሳይበላ ያለውን ጊዜ በሙሉ ይሸፍናል። በዚህ ጊዜ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁና ሳይቆጥሩ ጠጠሮቻቸውን እንደፈለጉ ያንቀሳቅሳሉ፤ የተቃራኒያቸውን አሰላለፍ አይተውም የራሳቸውን መልሰው ይለውጣሉ። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ በተራው አንድ ጊዜ ብቻ ያንቀሳቅሳል። ቃሉ በተለምዶ የሰው አገር ጥሶ መግባትን ቢያመለክትም፣ እዚህ ግን ከውጊያ በፊት ሠራዊት ማሰለፍን ነው የሚገልጸው።

አጨዋወት

የሰንጠረዥ ጠጠሮች ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደርና መደቅ ናቸው። ሰሌዳው ብዙ ጊዜ በመስመር የተከፋፈለ ቀይ ጨርቅ ሲሆን፣ እንደ ዘመናዊው ቼዝ ጥቁርና ነጭ ቤት የለውም። መደቅ አንድ አንድ እርምጃ ብቻ ይሄዳል፤ ፈርዝም እንደ ዛሬዋ ንግሥት ሰሌዳውን አያካልልም። ስለዚህ ሁለቱ ወገኖች እስኪገናኙ ረጅም ጊዜ ይወስዳል። የጥንት ዓረብ ሻጥራንጅ ተጫዋቾች ይህን መጓተት ለማሳጠር አስቀድመው የተጠኑ፣ ታቢያ የሚባሉ አሰላለፎችን ይጠቀሙ ነበር። ኢትዮጵያውያን ለዚያው ችግር ያገኙት መፍትሔ ወረራ ነው ማለት ይቻላል።

ታሪክ

ዐፄ ልብነ ድንግል (1508–1540 እ.ኤ.አ.) ግሬጎሪዮ ቢቺኒ ከተባለ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደነበር ይነገራል። በ1529 ሽምብራ ኩሬ ላይ በሐረሩ ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ድል የሆኑት እኚሁ ንጉሥ ናቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛውያኑ ሄንሪ ሶልትና ዋልተር ፕላውደን ስለ ጨዋታው ጽፈዋል፤ ሪቻርድ ፓንክረስትም በ1971 ሰፊ ጥናት አሳትመዋል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ዓለም አቀፉ ቼዝ የሰንጠረዥን ቦታ ወሰደ። የቼዝ የውድድር ሕግ ደግሞ የነካኸውን ጠጠር አንቀሳቅስ የሚል ስለሆነ ከወረራ መንፈስ ጋር ፍጹም ተቃራኒ ነው።

ከኢንተርኔት ጨዋታዎች ጋር ያለው ዝምድና

በብዙ ተጫዋች የኢንተርኔት ጨዋታዎች ውስጥ ሰው ገጸ ባሕርዩን ሲያሳድግ የክህሎት ነጥብ ያገኛል፤ ነጥቡን ለሰይፍ፣ ለአስማት ወይም ለፈውስ ያውለዋል። የተመደበ ነጥብ ይመለስ ወይስ አይመለስ የሚለው ጥያቄ ወረራ መቼ ይብቃ ከሚለው ጋር አንድ ነው።

የጨዋታ ሠሪዎች መልስ የተለያየ ነው። በ2000 የወጣው ዲያብሎ 2 ለአሥር ዓመት ያህል ምንም መመለሻ አልነበረውም፤ የተሳሳተ ሰው ሌላ ገጸ ባሕርይ ከደረጃ አንድ ይጀምር ነበር። መመለሻው የተጨመረው በ2010 ነው። በ2004 የወጣው ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ግን ዋጋ አስከፈለ፦ መጀመሪያ 1 የጨዋታ ወርቅ፣ በተደጋገመ ቁጥር እየጨመረ እስከ 50። ለቡድን ውጊያ ፈዋሽ፣ ለብቻ ፍልሚያ ደግሞ ተዋጊ መሆን የሚፈልግ ሰው ሲመላለስ ወርቁን ይጨርስ ስለነበር በ2009 ሁለት ምርጫ ጎን ለጎን መያዝ ተፈቀደ። ፓዝ ኦፍ ኤግዛይል (2013) ነጥብ የሚያስመልሰውን ዕቃ ኦርብ ኦፍ ሪግሬት ብሎታል፤ የጸጸት ሉል እንደማለት ነው። ከሁሉም ለወረራ የሚቀርበው ጊልድ ዎርስ (2005) ነው። ተጫዋቹ ከተማ ውስጥ ሳለ ስምንት ክህሎቶቹን በነጻ ይመርጣል፣ ይለዋውጣል፤ ወደ ውጊያ ከወጣ በኋላ ግን እስኪመለስ መለወጥ አይችልም።

መመለስን የሚቃወሙ ወገኖች ምርጫ ካልጸና ትርጉም የለውም ይላሉ። ሁሉም በፈለገ ጊዜ መለወጥ ከቻለ አንዱ የሚያዋጣ አሰላለፍ ሲገኝ ሁሉም ወደዚያው ይጎርፋል፤ ፈዋሽ ሆኖ መታወቅ፣ በሙያ መፈለግ ይቀራል። ይህ ክርክር ቀላል አይደለም። ሆኖም ከሰንጠረዥ ጋር ሲነጻጸር አንድ ትልቅ ልዩነት ይታያል፦ በሰንጠረዥ ፈረስ እንዴት እንደሚሄድ በጨዋታ መሀል አይቀየርም። የኢንተርኔት ጨዋታ ሠሪ ግን ዛሬ ጠንካራ የነበረውን ክህሎት ነገ በአንድ ማሻሻያ ሊያዳክመው ይችላል። ተጫዋቹ የመረጠው በሌላ ሕግ ስለነበር ሕጉ ሲለወጥ ወረራው እንደገና ቢከፈት ተገቢ ነው። ለዚህም ነው አንዳንድ ሠሪዎች ከትልቅ ለውጥ በኋላ በነጻ ዳግም ምርጫ የሚሰጡት።

ሌላው ጉዳይ ጊዜ ነው። ቤቱ ኮምፒዩተርና ቋሚ ኢንተርኔት ላለው ሰው ከደረጃ አንድ መጀመር አሰልቺ ብቻ ነው። ሐረርም ሆነ ደሴ በሰዓት እየከፈለ ለሚጫወት ተማሪ ግን ያው ስሕተት ቀጥታ የብር ኪሳራ ነው። ስለዚህ ለሁሉም እኩል የሚመስለው የማይመለስ ምርጫ ሸክሙ እኩል አይደለም።

በወረራም ቢሆን ነጻነቱ የሚያበቃው በስምምነት አይደለም። የራሱ ሠራዊት የተደራጀለትና የባላጋራው ገና ያልተሰናዳ መሆኑን ያየ ተጫዋች መጀመሪያ በልቶ ወረራውን ይዘጋል። መቼ መብላት እንዳለበት ማወቅ ራሱ የችሎታ አካል ነው።