የአራዳ ግንቦችና የርዕደ መሬት ስሌት

ነሐሴ 19 ቀን 1898 ዓ.ም. ምድር በአዲስ አበባ ላይ ስትናወጥ፣ ከተማይቱ ከተቆረቆረች ገና ሃያ ዓመት አልሞላትም ነበር፤ አራዳም የቅዱስ ጊዮርጊስ ደብርና ታላቁ ገበያ የሚገኙባት፣ ከጥቂት የድንጋይ ቤቶች በቀር በእንጨትና በጭቃ የታነጸች ሠፈር ነበረች። ነውጥ የሚመዘግብ መሣሪያ በዚያን ዘመን በመላው የኢትዮጵያ ምድር አልነበረም፤ ነገር ግን ያየ፣ የደነገጠና ያየውን የጻፈ ሰው ነበረ። ዛሬ ሊቃውንት ለዚያ ርዕደ መሬት 6.8 ገደማ መጠን ሰጥተው፣ መነሻውንም ከከተማይቱ በስተደቡብ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ አድርገው ይጽፉታል፤ በዚያችው አራዳ፣ በፒያሳ፣ አዲስ ፎቅ የሚያቆመው መሐንዲስ በኮምፒውተሩ የሚያካሂደው ስሌትም፣ ራሱ ባያስተውለው እንኳ፣ ከእነዚያ ሰዎች ምስክርነት የተቀዳ ነው።

ምስክርነቱ ወደ ቁጥር የተለወጠው ከአራዳ ደብር ብዙም ሳይርቅ፣ በአራት ኪሎው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ቅጥር ግቢ ነው። በ1950 ዓ.ም.፣ የዓለም ሊቃውንት ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ብለው በሰየሙት ዘመን፣ በዚያ ኦብዘርቫቶሪ ሲቋቋም የመጀመሪያው ዓላማው የምድርን መግነጢስ መለካት ነበረ፤ አዲስ አበባ ለመግነጢሳዊው የምድር ወገብ እጅግ ቅርብ ናትና። መሥራቹ አባ ፒየር ጉዌን፣ ካናዳዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን፣ ስምጥ ሸለቆ በአጠገባቸው ሆኖ ዝም ብለው ሊያልፉት የሚችሉ ሰው አልነበሩም። በግንቦት 1953 ዓ.ም. የካራቆሬው ነውጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሶ፣ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. ደግሞ ሰርዶ በተራዋ ስትወድም፣ የመሣሪያው መዝገብ ብቻውን እንደማይበቃ ግልጽ ሆነ፤ የጥቂት ዓመታት መዝገብ ስለ ብዙ ምዕተ ዓመታት ሊመሰክር አይችልምና። ስለዚህ አባ ጉዌን የነገሥታቱን ዜና መዋዕል፣ የተጓዦችን ማስታወሻና የሚሲዮናውያንን ደብዳቤ መመርመር ያዙ። በአንዱ ቦታ ግድግዳ ተሰንጥቆ፣ በሌላው የተኛ ሰው ነቅቶ፣ ከዚያ ወዲያ ማንም ሳያውቀው አልፎ እንደ ሆነ፣ ለእያንዳንዱ ምስክርነት የብርታት ደረጃ ይሰጠዋል፤ ደረጃዎቹ በካርታ ላይ ሲሰፍሩ፣ ነውጡ ከርቀት ጋር እንዴት እንደ ደከመ ስለሚታይ፣ መነሻውና መጠኑ ይገመታል። እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመው የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የርዕደ መሬት ታሪክ መጽሐፋቸው የዚህ ትጋት ፍሬ ነው፤ በእኔ አስተያየት በአገራችን ለምህንድስና ከተደረጉት አገልግሎቶች ሁሉ ከታላላቆቹ የሚቆጠር ነው።

የባሕረ ሐሳብ መምህር በአበቅቴና በመጥቅዕ የመጪውን ዘመን ፋሲካ አስቀድሞ ያውጃል፤ የፀሐይና የጨረቃ ዑደት ተመልሶ ይገጥማልና። ምድር ግን እንዲህ ያለ ቀመር አልሰጠችንም። ስለዚህ መሐንዲሱ የነውጡን ቀን ሳይሆን፣ ይህን ያህል ብርቱ የሆነ ነውጥ በስንት ዓመት አንድ ጊዜ ሊደርስ እንደሚችል ብቻ ያሰላል። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የአገራችን የሕንፃ ደንብ በ100 ዓመት አንድ ጊዜ የሚጠበቀውን ነውጥ መሠረት አድርጎ ለአዲስ አበባ 0.05 የሚል ቁጥር ሰጣት፤ ይህም ማለት 1,000 ኩንታል የሚመዝን ግትር ሕንፃ በአለት ላይ ቆሞ ሳለ 50 ኩንታል ያህል ኃይል በጎኑ ይገፋዋል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ያንን የተካው ደንብ ግን የ475 ዓመቱን ነውጥ መርጦ ቁጥሩን ወደ 0.10 አሳደገው። በሁለቱ ደንቦች መካከል ምድሪቱ አልተለወጠችም፤ የተለወጠው በዋናነት ምን ያህል ብርቅ ከሆነ አደጋ እንጠበቅ የሚለው ውሳኔ ነው።

ቁጥሩ ከተገኘ በኋላ መሐንዲሶች ሞዴል የሚሉት ሥራ ይጀመራል። ሕንፃው በሐሳብ ወደ ብዙ ትናንሽ ክፍልፋዮች ይከፈላል፤ ለእያንዳንዱ ክብደቱና ግትርነቱ ይሰጠዋል፤ ከዚያም የመሬቱ እንቅስቃሴ በሰከንድ ሽራፊ እየተቆራረጠ ከሥሩ ይገባና፣ ኮምፒውተሩ የእያንዳንዱን ክፍል መታጠፍ እርምጃ በእርምጃ ያሰላል። እያንዳንዱ ሕንፃ የራሱ የመወዛወዣ ጊዜ አለው፤ አጭሩ ቤት ፈጥኖ፣ ረጅሙ ፎቅ ዘግይቶ ይንቀጠቀጣል። እ.ኤ.አ. በ1985 ሜክሲኮ ከተማ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በተነሣ ነውጥ የተጎዳችው፣ በጥንት ሐይቅ ደለል ላይ የቆሙት መካከለኛ ፎቆቿ ከለስላሳው አፈር ጋር በአንድ ምት ስለ ተወዛወዙ ነው። ከመስከረም እስከ የካቲት 2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ የተነሡት ነውጦች የአዲስ አበባን ፎቆች ሲያወዛውዙ፣ የላይኛው ፎቅ ነዋሪ ደንግጦ ሲወርድ በምድር ቤት ያለው ብዙውን ጊዜ ያልሰማው፣ ሕንፃው በራሱ ምት ሲወዛወዝ ጫፉ ከሥሩ አብልጦ ስለሚንቀሳቀስ ነው።

አሮጌው የአራዳ ድንጋይ ግንብ ግን ለዚህ ስሌት በቀላሉ አይገዛም። ለብረትና ለኮንክሪት የተዘጋጀው ሞዴል፣ መጭመቅን ችሎ መለጠጥን የማይችለውን የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ እንደ አንድ ወጥ አካል ከቆጠረው ጥንካሬውን አብዝቶ ይገምታል። የቅዱስ ጊዮርጊስ ስምንት ማዕዘን ካቴድራል በ1929 ዓ.ም. በፋሺስት ወራሪዎች ተቃጥሎ ከነጻነት በኋላ የታደሰ ነው፤ በዚያው ሠፈር ያለው የጣይቱ ሆቴልም በጥር 2007 ዓ.ም. ከፊሉ ተቃጥሏል። እሳት የነካው ድንጋይና ማያያዣ የቀድሞ ኃይሉ እንዳለው አድርጎ ማስላት አደገኛ ነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ ከፈረሱ ወዲህ ደግሞ፣ የዚያን ዘመን ግንበኞች አሠራር የሚመሰክሩልን የቀሩት ጥቂቶቹ ናቸው። እነዚህን ሳይጎዱ መመርመር ይቻላል፤ ነፋስና የመኪና ምልልስ በግድግዳው ላይ የሚፈጥሩትን ጥቃቅን ንዝረት በመሣሪያ ለክቶ የሕንፃውን የመወዛወዣ ጊዜ ማወቅ፣ ያንንም ኮምፒውተሩ ካሰላው ጋር ማስተያየት፣ ሁለቱ እስኪስማሙ ድረስ የግድግዳውን ግትርነት ማረም፣ በመጨረሻም የ1898ቱን ዓይነት ነውጥ በታረመው ሞዴል ላይ መፈተን ነው። ይህ ሥራ በካቴድራሉ ቢጀመር፣ ለአራት ኪሎ ተማሪ መሣሪያውን ይዞ በእግሩ የሚደርስበት ነው።