ከርስት ሙግት እስከ ጦር ማስታወሻ፦ የአርማጭሆን ቤተሰብ ታሪክ ፍለጋ

ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. በብርጋዴር ዊልያም ስሊም የሚመራው 10ኛው የሕንድ እግረኛ ብርጌድ ከሱዳን ተነሥቶ ገላባትን ከጣልያኖች ያዘ፤ መተማን ግን መያዝ አልቻለም። ከብርጌዱ ሻለቆች አንዱ ስሙን ያገኘው ከእንግሊዙ የኤሴክስ አውራጃ ነው። የዚያ ሻለቃ ወታደር የልጅ ልጅ የአያቱን ውሎ ከሻለቃው የውጊያ ማስታወሻ፣ የቀደሙ አባቶቹን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1538 ጀምሮ እንዲጻፍ ከታዘዘው የአጥቢያ መዝገብ ይፈልጋል። ወረቀቱም ቢሆን ሙሉ አይደለም፤ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮች ማኅደር አብዛኛው እ.ኤ.አ. በ1940 በለንደን ድብደባ ተቃጥሏል። የጎንደር አብያተ ክርስቲያናትም በ1880 ዓ.ም. በደርቡሾች ሲቃጠሉ ብዙ ብራና አብሮ ጠፍቷል።

በጣልያን ወረራ ዘመን በጎንደር፣ በአርማጭሆና በአካባቢው፣ እንደ ቢትወደድ አዳነ መኮንን ካሉ የአርበኛ መሪዎች ጋር የዘመተ ገበሬ እንዲህ ያለ የሻለቃ መዝገብ አልነበረውም። ሆኖም ዘሩ አልተረሳም። ያቆየውም ርስት ነው። ርስት በአባትም በእናትም ስለሚወረስ፣ ድርሻውን የሚጠይቅ ሰው ትውልዱን እስከ አቅኚው አባት ድረስ በዳኛ ፊት መቁጠር ነበረበት፤ ተቃዋሚው ወገንም እያንዳንዱን ስም ይፈትን ነበር። ጋብቻም እስከ ሰባት ቤት ይቆጠርለት ነበር። እንዲህ በሙግት የተፈተነ ቆጠራ፣ በእኔ ግምት፣ ጀግናን ብቻ ከሚያወድስ ፉከራ የበለጠ ይታመናል። ጉድለትም አለው፤ መሬት የማያስገኝ አያት ቶሎ ይረሳል፣ በሙግት የተረታ ወገንም ከዘር ቆጠራው ይወጣል።

የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሲሆን ያ ሙግት ቀረ፤ ቆጠራውን በዳኛ ፊት የሚያስገድድም ጠፋ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የጀመረው ግን በ2008 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ባሉት 41 ዓመታት የተወለደ የገጠር ልጅ ዘሩ በዳኛ ፊት አልተቆጠረም፤ ልደቱም ብዙውን ጊዜ በመንግሥት መዝገብ አልሰፈረም። የዚህን ምድር ቤተሰቦች ታሪክ እጅግ የሚጎዳው ክፍተት ይህ ይመስለኛል፤ ከደርቡሾች ቃጠሎም ይብሳል።

ስለዚህ በምዕራብ አርማጭሆ ቆላ ባለችው በአብርሃ ጅራ ፍለጋ የሚጀምር ሰው ቤተሰቡ ወደ ቆላው ከመውረዱ በፊት ርስቱ በየትኛው ደጋ እንደነበር አስቀድሞ ይጠይቅ። የአባት ስም በየትውልዱ ስለሚለወጥ በእናት በኩል ያለውን ቆጠራና የክርስትና ስምን ጨምሮ ይመዝግብ። ዕድሜን ደግሞ በዘመን ምልክት ያስላ፤ ለምሳሌ አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ የወደቁበት መጋቢት 1881፣ ጎንደር ከጣልያን ነጻ የወጣችበት ኅዳር 1934 ዓ.ም.። በ1967 ሃያ ዓመት ሞልቶት የርስት ክርክር ያዳመጠ ሰው ዛሬ ሰባውን ይዟል፤ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበትም እርሱ ነው።