የፖንዛ ግዞተኞች

ከሮማ በስተደቡብ፣ በላሲዮ ጠረፍ ፊት ለፊት፣ በቲሬኒያን ባሕር ላይ ከተዘሩት የፖንቲኔ ደሴቶች ትልቋ ፖንዛ ናት፤ ትልቅ መባሏ ግን ከእኅቶቿ ጋር ስትነጻጸር ነው እንጂ ርዝመቷ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፣ ወገቧ ከመቅጠኑ የተነሣ በአንዳንድ ስፍራ ሰው ከምሥራቁ ባሕር ተነሥቶ ወደ ምዕራቡ ባሕር በጥቂት ደቂቃ በእግሩ ይደርሳል። ፓልማሮላ፣ ዛኖኔና ጋቪ ከሚባሉት ጎረቤቶቿ ጋር በአንድ ማዘጋጃ ቤት ሥር ሆና በላቲና አውራጃ ትተዳደራለች።

ጥንተ ፍጥረቷ ከእሳተ ገሞራ ነው። በፓልማሮላ የሚገኘውን ጥቁር ባልጩት የድንጋይ ዘመን ሰዎች ባሕሩን እየቀዘፉ መጥተው ይወስዱና ስለት ይሠሩበት ነበር። በፖንዛ ምዕራባዊ ጎን ኪያያ ዲ ሉና የሚባለው፣ መቶ ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ የቆመው ነጭ ገደል በጨረቃ አምሳል ጎብጦ ባሕሩን ሲያቅፍ ይታያል፤ ከወደቡ ወገን ወደ እርሱ የሚያደርሰውም መንገድ ሮማውያን በአለቱ ሆድ ውስጥ የፈለፈሉት ዋሻ ነው። እነዚሁ ሮማውያን በወደቡ አጠገብ ከባሕር ጋር የሚገናኙ ጓዳዎችን ከድንጋይ ጠርበው፣ ሙሬና የሚባለውን እባብ መሰል ዓሣ ያረቡባቸው ነበር። ሕዝቡ ስፍራውን የጲላጦስ ዋሻ ይለዋል፤ ይሁን እንጂ ቤተ ክርስቲያናችን ከቅዱሳን የቈጠረችው ጲላጦስ እዚያ ስለ መኖሩ ምንም ማስረጃ የለም።

ሮማውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ313 ዓመት በደሴቲቱ ሰፋሪዎችን አኖሩ፤ ከዚያ በኋላ ግን ቄሣሮቹ፣ ለመግደል የሚያሳፍራቸውን፣ በከተማ ማኖሩን ደግሞ የሚፈሩትን ሰው የሚያርቁባት ስፍራ አደረጓት። ጢባርዮስ ቄሣር የጌርማኒኮስን ልጅ ኔሮን (ይህ ሮማን አቃጠለ የሚባለው ኔሮን አይደለም) ወደዚህ አግዞት፣ በረኃብ እንዲሞት እንደ ተደረገ ስዌቶኒዮስ ጽፏል። በዶሚጥያኖስ ዘመን ደግሞ ዶሚጢላ የተባለች ክቡር ወይዘሮ ስለ ክርስትናዋ ወደ ፖንዛ እንደ ተጋዘች አውሳብዮስ ይተርካል።

ከግዞተኞች ሁሉ በደሴቲቱ ሰዎች ልብ የነገሠው ግን የሮማው ሊቀ ጳጳሳት ሲልቬሪዮስ ነው። እ.ኤ.አ. በ537 ዓ.ም. ንግሥት ቴዎድራ፣ ጉባኤ ኬልቄዶንን ስላልተቀበለ ከቍስጥንጥንያ መንበሩ የወረደውን አንቲሞስን እንዲመልስ ብትጠይቀው እንቢ አለ፤ የጦር አዛዡም ቤሊሳርዮስ ከጠላት ጋር ተማክረሃል ብሎ ወነጀለውና፣ ልብሰ ጵጵስናውን ገፍፎ፣ ልብሰ ምንኵስና አልብሶ ሰደደው፤ በመጨረሻም በፓልማሮላ ሞተ። ቴዎድራ ለማኅበረ ተዋሕዶ ከለላ የነበረች ናትና፣ የእኛ ወገን አንባቢ ነገሩን ሲያነብ በየትኛው ወገን እንደሚቆም ቸግሮት ጥቂት ማመንታቱ አይቀርም። ፖንዛውያን ግን አያመነቱም፤ በየዓመቱ ሰኔ 13 ቀን የቅዱሱን ምስል በጀልባ ላይ አኑረው፣ በአበባ ሸልመው፣ ሌሎች ጀልባዎች አጅበውት በባሕር ላይ ያዞሩታል። ወደ አሜሪካ የተሰደዱትም በዓሉን እስከ ኒው ዮርክ ብሮንክስ ድረስ ይዘውት ሄደዋል።

በመካከለኛው ዘመን የባሕር ወንበዴዎች ስላስጨነቋት ደሴቲቱ ጠፍ ሆና ኖረች፤ በ18ኛው መቶ ዓመት የኔፕልስ ቡርቦኖች ከኢስኪያና ከቶሬ ዴል ግሬኮ ቤተሰቦችን አምጥተው አሰፈሩ፣ ዛሬ የምትታየውንም በግማሽ ክብ የተሠራች ውብ ወደብ አቆሙ። ወህኒም አብረው ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1857 ካርሎ ፒሳካኔ በመርከብ ደርሶ 300 ያህል እስረኞች ፈትቶ ለዐመፅ አዘመተ፤ በጥቂት ቀን ውስጥም ተገደለ።

ፋሺስቶች ሥልጣን ከያዙ በኋላ የቄሣሮቹን ልማድ አደሱት። ኋላ የኢጣልያ ፕሬዚዳንት የሆነው ሳንድሮ ፔርቲኒ በፖንዛ ተግዞ ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ሆነው ጦርነቱን የቀጠሉት ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴም፣ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ከተያዙ በኋላ፣ በአውሮፕላን ወደ ኢጣልያ ተወስደው በፖንዛ ተቀመጡ። በሐምሌ 1935 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ከሥልጣን በተሻረ በሦስተኛው ቀን፣ ፔርሴፎኔ በተባለች የጦር መርከብ ወደ ፖንዛ አምጥተው ሳንታ ማሪያ በሚባለው ሰፈር አንድ ቤት አስገቡት፤ ያ ቤት ቀደም ሲል ራስ እምሩ የታሰሩበት ቤት ነበር። በማግሥቱ 60 ዓመት ሞላው።

በዚያው ጊዜ በደሴቲቱ ላይ ሁለት የሚያውቁት ግዞተኞች ነበሩ፤ አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1925 ሊገድለው ያሤረው ዛኒቦኒ፣ ሁለተኛው ሶሻሊስቱ ፒዬትሮ ኔኒ። ኔኒና ሙሶሊኒ በወጣትነታቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1911፣ ኢጣልያ ሊቢያን መውረሯን በመቃወማቸው አብረው ወህኒ ወርደው ነበር። ኢትዮጵያን በመርዝ ጋዝ ያስደበደበው ሰው፣ የሰው አገር መውረርን ተቃውሞ የታሰረበት ጊዜ እንደ ነበረ ማን ያምናል! ኔኒም የቀድሞ ባልንጀራውን በወታደር ተከቦ ሲመጣ ተመለከተው።

ሙሶሊኒ በፖንዛ የቈየው ዐሥር ቀን ያህል ነው፤ ወዲያው ወደ ላ ማዳሌና ደሴት ወሰዱት። ኔኒ ከጦርነቱ በኋላ የኢጣልያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነ፤ ራስ እምሩም ወደ አገራቸው ተመልሰው በዋሽንግተን፣ በኒው ዴልሂና በሞስኮ የኢትዮጵያ አምባሳደር ሆነው አገለገሉ።