ልጥ ማረፊያ፦ ምርምርና የውጭ እጅ በይፋት ደጅ



የዛሬው ንግግሬ የዩኒቨርሲቲ ምርምርን ከውጭ ጣልቃ ገብነት ስለ መጠበቅ ነው። ርእሱ ሲሰጠኝ ስለ ኮምፒውተርና ስለ ይለፍ ቃል እንድናገር የታሰበ ይመስለኛል። እኔ ግን የታሪክ ሰው ነኝና ከዚህ ቆላ በላይ ካለው ከአንኮበር ገመገም እጀምራለሁ። የማነሣቸው ዘመናት፣ ካልጠቀስሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይፋት ለሸዋ ነገሥታት የባሕሩ መንገድ ደጅ ነበረች። ከታጁራ የሚነሣው ሲራራ የአፋርን በረሃና አዋሽን ተሻግሮ ፋሬ ይደርሳል፤ ከዚያ ወደ አልዩ አምባ ገበያ፣ ቀጥሎም ወደ አንኮበር ይወጣል። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ይህን ደጅ የሚጠብቀው የይፋቱ ገዥ ወላስማ መሐመድ ነበር። እንግዳ ያለ ንጉሡ ፈቃድ ሽቅብ አይወጣም። በ1841 የመጣው የእንግሊዙ ካፒቴን ሃሪስ በጓዱ ውስጥ የተፈጥሮ ተመራማሪና ሠዓሊ ነበሩት፤ ዋና ጉዳዩ ግን ውል ነበር፣ ውሉም በዚያው ዓመት ተፈረመ። ሃሪስ የመንግሥት መልእክተኛ ነኝ ብሎ መጣ፤ መልእክተኛም ነበር።

የልጥ ማረፊያ ነገር ከዚህ ይለያል። በ1876 የኢጣሊያ ጂኦግራፊ ማኅበር ወደ ምድር ወገብ ሐይቆች የሚዘልቅ ጉዞ አሰናድቶ ማርኬዝ ኦራዚዮ አንቲኖሪን ወደ ሸዋ ላከ። ንጉሥ ምኒልክ በአንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ የተባለውን ቦታ ሰጡት። አንቲኖሪ የወፍ ተመራማሪ ነበር። ሸዋ እንደ ደረሰ በአደን ላይ ቀኝ እጁ በጥይት ቢጎዳም ሥራውን ሳይተው በ1882 እዚያው እስኪሞት ድረስ ሰብስቧል። ስብስቡ ወደ ጀኖቫ ሙዚየም ተላከ፤ የሸዋ ወፎች ዝርዝርም በ1884 በሳልቫዶሪ ታተመ። ወፎቹ እውነተኛ ወፎች ነበሩ። ሳይንሱ የሐሰት ጭምብል ነበር ብሎ መደምደም ቀላል ነው፤ እኔ ግን አልቀበለውም። ነገሩን አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

በ1879 በዚያው በማኅበሩ መንገድ ኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ መጣ። በ1883 ከምኒልክ ጋር ውል ተዋዋለ፤ የጦር መሣሪያ አቀረበ፤ በመጨረሻም ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመውን የውጫሌን ውል ያመጣው እርሱ ነው። አንቀጽ 17 ምን እንዳስከተለ ለዚህ ጉባኤ መንገር አያሻኝም። የጣቢያው ሐኪም ራጋዚ ከእንጦጦ እስከ ሐረር የተጓዘበትን መንገድ በማኅበሩ መጽሔት አወጣ። ከአንቲኖሪ ባልደረቦች አንዱ አንቶኒዮ ቼኪ በኋላ የኢጣሊያ ቆንስል ሆኖ በ1896 በሞቃዲሾ አቅራቢያ ተገደለ። ሰዎቹ ከመጀመሪያው ሰላዮች ነበሩ ማለቴ አይደለም። ጣቢያው አንድ ጊዜ ከተተከለ በኋላ ሮማ ለሌላ ነገር ፈለገችው፤ በሩም ክፍት ነበር።

ምኒልክስ? ሞኝ አልነበሩም። ሐኪምም ጠመንጃም አግኝተዋል፤ ዓድዋ ላይ ማን እንደ ከሰረ ይታወቃል። የጎደለው ሌላ ነው፦ ከጣቢያው የወጣው እውቀት የታተመው በሮማና በጀኖቫ ሲሆን፣ ከአንቲኖሪ ጎን ቆሞ ማስታወሻውን የሚያነብና ግልባጩን የሚያስቀር የሸዋ ተማሪ አልነበረም።

መከላከያው በር መዝጋት ነው የሚል ካለ፣ በ1982 ደርግ የውጭ የቅድመ ታሪክ ቡድኖችን የመስክ ሥራ ማገዱን ያስታውስ። ከዚያ በፊት አንድ የውጭ ጂኦሎጂስት በስለላ ወሬ መካከል ከአገር ተባሯል። እገዳው እስከ አሥርቱ ማብቂያ ሲቆይ የመስኩ ሥራ ቆመ፤ ጉዳቱም ለእኛው ምሁራን ጭምር ተረፈ።

ፊርማ ብቻውን እንደማይጠብቅ ደግሞ ጤፍ አስተምሮናል። በ2005 አገራችን ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ጥቅም የመጋራት ውል ፈረመች። ኩባንያው ግን የጤፍ ዱቄት አሠራርን የሚመለከት የፈጠራ መብት አስቀድሞ ጠይቆ ነበርና በ2007 በአውሮፓ ተሰጠው። በ2009 ከሰረ፤ መብቱ ወደ ሌሎች ተላለፈ። የሄግ ፍርድ ቤት በ2018 በሆላንድ ውስጥ ውድቅ ያደረገውም ሁለት የሆላንድ ኩባንያዎች በተከራከሩበት መዝገብ ነው። እኛ በችሎቱ አልነበርንም።

ከእኔም አንድ ነገር ልጨምር። በወጣትነቴ በይፋት ቆላ የአርጎባ አዛውንቶችን ቃል በካሴት ቀድቼ ነበር። ወጪውን የሸፈነው የውጭ ተቋም ካሴቶቹን ለጥንቃቄ እኔ ጋ ላስቀምጥ አለኝ፤ በደስታ ሰጠሁ። ከዓመታት በኋላ አንዱን ለማድመጥ ስጠይቅ ቅጽ ሙላ፣ የምርምርህን ዓላማ አስረዳ ተባልሁ። ማንም አልሰረቀኝም፤ የፈረምሁት ወረቀት ላይ ግልባጭ የሚለው ቃል አልነበረም። ከአዛውንቶቹ አብዛኞቹ ዛሬ የሉም።

በዚህ ወረዳ ዙሪያ አስባሪንና ኖራን የመሳሰሉ የመካከለኛው ዘመን የእስልምና ከተሞች ፍርስራሾች አሉ፤ የፈረንሣይ ተመራማሪዎችም ጥናታቸውን ከ2006 ጀምሮ አሳትመዋል። ጽሑፎቹ በአብዛኛው በፈረንሳይኛ ናቸው። ባለፈው ሴሚስተር ኖራን ሊያጠና የፈለገ ተማሪዬ መጀመሪያ የጠየቀኝ ፈረንሳይኛ የት እንደሚማር ነበር።